የዳማው እርምጃ

ሟቹ ጋጣው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ጭዱ ላይ የፈሰሰው ደም ረግቶ ጠቁሯል፤ ዝንቦቹ ከሟቹ ወደ ፋንድያው፣ ከፋንድያው ወደ ሟቹ ይመላለሳሉ። መርማሪው መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደፍኖ በሩ ላይ ቆመ። የሥራ ባልደረቦቹ «አፍንጫው» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ ሽታ አይችልም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያይ ኖሮ ዛሬም አልለመደውም። ለምን ሌላ ሥራ እንደማይፈልግ የማይጠይቀው የለም። እሱ ግን ይበልጥ የሚያቅለሸልሹት በሬሳ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች መሆናቸውን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። የሟቹ የራስ ቅል ከኋላ በኩል ገብቷል። ስብራቱ የኮቴ ብረት ቅርጽ አለው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ደግሞ ጣት የሚያስገቡ ሁለት ጉድጓዶች ይታያሉ። መርማሪው ቀና አለ። ጋጣው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ዳማ ድንጉላ ፈረስ ቆሟል። የፊት እግሮቹ ከኮቴው እስከ ጉልበቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን በሙሉ ወደ ኋላ ጥሎ፣ ግድግዳ እንደተደገፈ ሰካራም ነው አቋቋሙ።

«ገዳዩ ይሄውልዎ» አለ አንድ ሰው ከበስተኋላው። የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅቶ ይዟል። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝና መርፌውን ልውጋው። ሰው የገደለ ፈረስ በዚያው ቀን መወገድ አለበት፤ ደንብ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አለኝ።»

«ሟቹ እኮ ገና ከመሬት አልተነሣም፣ ዶክተር።»

«ለእሱ ምን አደርግለታለሁ? እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ሳይፈርም አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። ለፈረሱ የቀረው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ግቢው የፈረስ ማርቢያና ማሠልጠኛ ነው። የሟቹ አባት በዘመናቸው የሰረገላ ፈረሶች ያረቡ ነበር፤ ደረተ ሰፊ፣ ትዕግሥተኛ፣ ቀኑን ሙሉ በሶምሶማ ቢሄዱ የማይታክቱ። መኪና ሰረገላን ከመንገድ ሲያስወጣው ልጆቻቸው፣ ሟቹና እህቱ፣ የቀሩትን ባዝራዎች ከግልቢያ ዘር ጋር እያዳቀሉ ለድሬሳጅ ማሠልጠን ጀመሩ። ድሬሳጅ ፈረሱ በአሸዋ ሜዳ ላይ፣ ጋላቢው ጣቱን ያነቃነቀ ሳይመስል፣ እየተለካ የሚራመድበት ውድድር ነው። ዳኞች ቁጭ ብለው ለእያንዳንዷ እርምጃ ነጥብ ይሰጣሉ። የሰረገላ ደም ያለበት ፈረስ እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል እየተባለ ሲሾፍ ዳማው መጣና ሿፊዎቹን ዝም አሰኛቸው። የፊት እግሮቹን እንደ እሱ ከፍ አድርጎ የሚያነሣ ፈረስ አልታየም ተባለ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ወጣ።

«ሬሳው የተገኘው አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለ መርማሪው ሐኪሙን። «እርስዎ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል። ማን ጠራዎት?»

«ቀጠሮ ነበረኝ። ፈረሱን ላኮላሸው ነው የመጣሁት።»

«አንደኛ የሚወጣን ድንጉላ?»

«ባለቤቱ አዘዘኝ፤ መጣሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው ደውዬ ቀጠሮውን አረጋግጫለሁ።»

«ስልኩን ማን አነሣው?»

«የሴት ድምፅ ነው። "እነግረዋለሁ" ብላ ዘጋችው። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።»

«ለምን እንዲኮላሽ ፈለጉ?»

«አስቸገረኝ ብሎ ነዋ» አለ ሐኪሙ። ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ነጩ ፋሻ ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

ጋላቢው ከዳማው ጋጣ አጠገብ ባለው የኮርቻ ክፍል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በግቢው «መስተዋት» ነው የሚባለው። በማሠልጠኛው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትላልቅ መስተዋቶች የተሰቀሉት ጋላቢ አቀማመጡን እንዲያርምባቸው ነው፤ እሱ ግን ፀጉሩን ነው የሚያርምባቸው ይላሉ። ብርጭቆውን የያዘው በቆዳ ጓንት ነው።

«ጓንትዎን ለሻይም አያወልቁም?»

«ልማድ ነው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮርቻ ሳጸዳ ነበር። ምንም አልሰማሁም። አንዲት ኮሽታ እንኳ።»

መርማሪው ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ስስ ጣውላ ነው፤ ከማዶ የዳማው ትንፋሽ ይሰማል። «ፈረሱ ይሙት ይላሉ እርስዎም?»

«ይሙት እንጂ! ሰው ገድሎ?»

«ሦስት ዋንጫ አምጥቶልዎታል።»

«ሌላ ፈረስ ይመጣል» አለ ጋላቢው፣ ሻዩን ፉት እያለ።

መርማሪው ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ከቆዳው ቅባት ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ ነጭ ጋዝ ይመስላል። ሽታው ይሁን ሰውዬው፣ የቱ እንደጎፈነነው ለራሱም አልታወቀውም።

የሟቹ እህት ቢሮ ከግቢው በሙሉ የተለየ ነው። በሩ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «እባክዎ ጫማዎን ሳይፍቁ አይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከሥሩም ወደ መሬት የሚያመለክት ቀስት አለ። መርማሪው ትእዛዝ ማክበር ስለሚወድ መፋቂያውን ፈለገ። ቀስቱ የሚያሳየው ቦታ ላይ መፋቂያ የለም። እፍኝ የማትሞላ ደረቅ አሸዋ አለች፤ ዙሪያዋ ሌሊት በጣለው ዝናብ የረጠበ ጭቃ ነው። እየከበደው ከነጭቃው ገባ።

«ወለልዎን አበላሸሁት፤ ይቅርታ።»

«ግድ የለም፤ ይተዉት» አለች እህትየዋ ጭቃውን ሳታይ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ልብሷ ግን እንከን የለውም። መሐረቡን ሙጭጭ አድርጎ መያዙን ስታይ ከመሳቢያ ሽቶ የነካው ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ሰጠችው። «እኔም ሽታውን አልችልም። እዚህ ግቢ ተወልጄ አድጌ ጋጣ ከገባሁ ስንት ዓመቴ። ከዚህ መስኮት ነው የማያቸው።»

መርማሪው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሴትየዋም ንጹሕ ናት። መደርደሪያው ላይ ወፍራም የዘር መዝገቦች ተደርድረዋል፤ የትኛዋ ባዝራ ከየትኛው ድንጉላ ምን ወለደች የሚለው ሁሉ በእሷ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

«ሃያ ዓመት» አለች ዓይኑን ተከትላ። «አራት ትውልድ። የሰረገላ ደም ይደንሳል ስል ወንድሜ እንኳ ይስቅብኝ ነበር። ያ እርምጃ በሥልጠና አይመጣም፤ ከደም ነው። እባክዎ ፈረሱን አይግደሉብኝ። እንስሳ ነው፤ ምን ያውቃል? ተራግጦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዳማው ከሞተ እኔም ምን ቀረኝ?»

«ሐኪሙ ዛሬ ለምን እንደመጣ ያውቃሉ?»

«ሊያየው ይሆናላ። የጋጣውን ጉዳይ ወንድሜ ነው የሚያውቀው።»

በዚህ ግቢ ለፈረሱ ነፍስ የለመነች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። መርማሪውን አንጀቱን በላችው።

ሁለተኛዋን ሴት ጋጣው ደጃፍ ላይ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ አገኛት። ዕድሜዋ ከስድሳ ያልፋል፤ በወጣትነቷ የጭነት ጋሪ ትነዳ ነበር። ዛሬ የፈረሶቹ ተንከባካቢ ናት። የግቢው ሰዎች በድሮው የንጉሥ ፈረሶች አዛዥ ማዕረግ «ባልደራስ» ብለው ቀለዱባት፤ ቀልዱ አረጀና ስሟ ሆነ። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።

«ትናንት የሐኪሙን ስልክ እርስዎ ነዎት ያነሡት፣ እናቴ?»

«እኔ? ቢሮ ገብቼ?» ባልደራስ በምሬት ሳቀች። «የእኔ ድርሻ ደጅ ቆሞ ጫማ መፋቅ ነው። ፍቄ ስጨርስ ደግሞ "እዚያው ሆነሽ ተናገሪ" እባላለሁ።»

«በምን ነው የሚፋቀው? እኔ አጣሁት።»

«እንዴት ያጡታል? የድሮ የሰረገላ ፈረስ ብረት ነው፤ ከብረት ዘንግ ጋር ተበይዶ መሬት የተተከለ። ትናንት ማታም ነበር።»

መርማሪው የሟቹን ቁስል አስታወሰ። ከዚያ ወደ ዳማው ጠቆመ። «የኋላ እግሩን ያንሡልኝ።»

ባልደራስ ገብታ የኋላ እግሩን አነሣች። ብረቱ ልሙጥ ነው። «የድሮው እንዲህ ነው?» አላት።

«አይ፤ የሰረገላው ጫፎቹ ላይ ሁለት ጥርስ አለው። አስፋልት ላይ እንዳያንሸራትታቸው ነበር። አሸዋ ላይ ጥርስ ምን ያደርጋል? አሁን አንድም ፈረስ አያደርገውም።»

«ጥሩ። አሁን ደግሞ የፊት እግሩን ፋሻ ይፍቱልኝ።»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። «ይተዉት፣ ጌታዬ። እባክዎ።»

«እኔ ከምፈታው እርስዎ ቢፈቱት አይሻልም?»

ባልደራስ እያለቀሰች ፈታችው። የመጨረሻው ዙር ከሥጋው ጋር ተጣብቋል፤ ሲላቀቅ ድምፅ አለው። ከኮቴው በላይ ቆዳ የሚባል ነገር የለም። ቀይ ሥጋ፣ ቢጫ መግል፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የነጭ ጋዝና የሰናፍጭ ዘይት ሽታ። መርማሪው ወደ ውጭ ሮጦ ግድግዳውን ይዞ አስመለሰ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ጋላቢው ይቀባዋል፤ ሐኪሙ ነው የሚቀምምለት። ቆዳው ሲቃጠል መሬት ስትነካው ያመዋል፤ ስለዚህ እግሩን ቶሎና ከፍ አድርጎ ያነሣል። ሰው ያጨበጭባል። ሐኪሙ "እግሩ ጤነኛ ነው" ብሎ ይፈርማል። ጌታዬም ያውቃሉ። ያውቁ ነበር። እኔም ፋሻ እየለወጥኩ ዝም አልኩ። ብናገር ያባርሩኛል፤ ከሄድኩ ደግሞ ማን ያጥብለታል ብዬ።»

«እህታቸውስ?»

«እትዬ ምን አይተው? ከመስኮት ሲያዩት ፋሻው ያምራል።»

መርማሪው ድንጉላውን ተመለከተ። ዳማው አሁንም ክብደቱን የኋላ እግሮቹ ላይ እንደጣለ ነው። «ይሄ ፈረስ ዛሬ ጠዋት መራገጥ ይችላል?»

«እንዴት አድርጎ?» አለች ባልደራስ፣ ሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀች ሁሉ። «ፈረስ በኋላ እግሩ ሲራገጥ መላ ክብደቱን የፊት እግሮቹ ላይ ነው የሚጥለው። እርስዎ ሁለቱም መዳፎችዎ ተቃጥለው በእጅዎ ቆመው እግርዎን ይወረውራሉ?»

«ታዲያ ለፖሊሶቹ ለምን አልነገሩም?»

«ፋሻው ይፈታ ይሉ የለ?» አለችና አንገቷን ደፋች። መርማሪው እሷንም ተጸየፋት፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችው።

ከዚያ መርማሪው በሕይወቱ ያላሰበውን አደረገ። ከጋጣው ጀርባ ባለው የፋንድያ ጉድጓድ ዳር ቆመና አንድ ንጹሕ ሰው ማንም አይነካውም ብሎ የሚያስበው ቦታ የት እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። መልሱ ከፊቱ ይተናል። ፖሊሶቹን መላክ ይችል ነበር፤ ግን ሽቶ የነካውን መሐረብ ሲቀበል ልቡ በመራራቱ በራሱ ተናዷል። እጅጌውን ሰብስቦ መንሹን ያዘ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እያነቀው ቆፈረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በማሠልጠኛው አዳራሽ ሰበሰባቸው። አሸዋው ላይ አራት ወንበር አስደርድሯል። ሲገባ ሽታው ቀድሞት ስለገባ ጋላቢው ወንበሩን ራቅ አደረገ። መርማሪው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ያልፈረሙበት ወረቀት አለ» አለ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ።

«አልፈርምም። ፈረሱ ማንንም አልገደለም።» መርማሪው ሳይቀመጥ ቀጠለ። «በመጀመሪያ፣ የሟቹን ራስ የሰበረው ብረት ጥርስ አለው። የዳማው ብረት ልሙጥ ነው። ሁለተኛ፣ ፈረስ ሲራገጥ ያ ስስ ጣውላ ይንቀጠቀጣል። ከማዶ የተቀመጡት ጋላቢ ግን ኮሽታ አልሰሙም፤ እውነታቸውን ነው። ሦስተኛ፣ ይሄ ፈረስ ዛሬ ሊራገጥ አይችልም። ባልደራስ፣ ያምጡት።»

ባልደራስ ዳማውን ቀስ አድርጋ አስገባችው። ፋሻ የለውም። መስተዋቶቹ የተላጡትን እግሮች በአራት በኩል አባዝተው አሳዩአቸው። እህትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጓንትዎን ያውልቁ» አለው ጋላቢውን። ጋላቢው አላወለቀም፤ ማውለቅም አላስፈለገውም። «ዘይቱ እጅዎንም ልጦታል። የሚቀምሙት ዶክተር ናቸው። ለዚህ ነው ሁለታችሁም ፈረሱ ከስድስት ሰዓት በፊት ሞቶ እንዲቀበር የቸኮላችሁት። ከጠዋት ጀምሮ ስታስጠሉኝ ውላችኋል፤ ነፍሰ ገዳዮቹ እናንተ ብትሆኑ ደስታዬ ነበር።»

«እኛ አይደለንማ» አለ ሐኪሙ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አይደላችሁም። እግሩን የምታውቁት እናንተ፣ ሟቹና ባልደራስ ናችሁ። ያንን እግር የሚያውቅ ሰው ሬሳ እዚያ ጋጣ ውስጥ አይጥልም። በዓለም ላይ ፖሊስ እንዲያየው የማትፈልጉት አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ደግሞም ፈረሱ መቆም እንዳቃተው ታውቃላችሁ። "ተራግጦ ገደለው" የሚል ታሪክ ሊፈጥር የሚችለው ፋሻው ጌጥ የሚመስለው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ግቢ በዚህ ጭካኔ እጁ የሌለበት አንድ ሰው አለ። ገዳዩም እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እህትየዋ ዞሩ። እሷ የምታየው ፈረሱን ብቻ ነው።

መርማሪው ጋዜጣውን ፈታው። በፋንድያ የተለወሰ የብረት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው የኮቴ ብረት፣ ጥርሱ ላይ የተጣበቀ ፀጉር። «የጫማ መፋቂያዎ። ጭቃ የማይወዱት ሴት ዛሬ ከነጭቃዬ አስገቡኝ፤ "ፍቀው ይግቡ" ብለው በደረቅ አሸዋ ወደደፈኑት የመፋቂያው ጉድጓድ ሊያመለክቱኝ አልፈለጉም። ትናንት የሐኪሙን ስልክ ያነሡት እርስዎ ነዎት፤ ባልደራስ ቢሮዎ አትገባም፣ ሌላ ሴት ደግሞ እዚህ የለም። ለምን እንደመጣ ያውቁ ነበር። አላውቅም አሉኝ። ጠዋት ወንድምዎ ጋጣው በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው በቆሙበት ነው የመቷቸው፤ ከዚያ በሩን ከፍተው ጭዱ ላይ ገፏቸው፤ ለዚህ ነው ከማዶ ኮሽታ ያልተሰማው። ድንጉላን ማን ይከሳል ብለው አሰቡ። እነዚህ ሁለቱ መርፌ ይዘው እንደሚሯሯጡ አልጠበቁም።»

«ታዲያ እርምጃው?» አለች እህትየዋ።

«ይሄው ነው እርምጃው።»

«ከደሙ አይደለም?»

የመለሰላት ሐኪሙ ነው። «ወንድምዎ የዳማውን ውርንጭሎች አይቶ ነው ያዘዘኝ። አንዳቸውም እግራቸውን አያነሡም። "የውሸት እርምጃ አላራባም፤ እሷ ሳታውቀው እዚሁ ይብቃ" ነው ያለኝ።»

«እኔን ግን "ነገ ይኮላሻል፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ" ብቻ አለኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሃያ ዓመቴን በአንድ ቢላ ሊቆርጠው ነው ብዬ … ቅናት መሰለኝ። ለምን አልነገረኝም?»

«አፍረው ይሆናል» አለ መርማሪው። ሟቹ ሦስት ዓመት የፈረስ ቆዳ ሲያስልጥ አላፈረም፤ እህቱን ለማስቀየም ግን አፈረ። ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲመጡ ሴትየዋ ወደ ዳማው ሄደች። ልትነካው እጇን ዘረጋች። ፈረሱ ደንግጦ ሸሸ።

ክሱ በተሰማበት ቀን መርማሪው በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። የሐኪሙ ፈቃድ ለስድስት ወር ታግዷል፤ ስድስት ወር ብቻ። ጋላቢው ሌላ ግቢ ተቀጥሯል። ባለፈው እሑድ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጥቶ ነበር፤ የተቀመጠባት አምባላይ ባዝራ የፊት እግሮቿ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። መርማሪው ጋዜጣውን ቀድዶ ለሚመለከተው ክፍል ልኮታል፤ መልስ የለም።

አጠገቡ ባልደራስ ተቀምጣለች፤ ለምስክርነት ነው የመጣችው። ጫማዋን በደንብ አጥባዋለች። ጥቂት ቆይቶ እህትየዋ በፖሊስ ታጅባ በፊታቸው ስታልፍ ቆም አለች።

«ዳማውስ?» አለቻት።

«ዳነ፣ እትዬ። ቆዳው ሸፍኗል።»

«ሲራመድ አይተሽዋል?»

«በየቀኑ ነው የማወጣው።»

«እንዴት ነው የሚራመደው?»

ባልደራስ መርማሪውን አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሦስት ዓመት ዝም ያለችው አሮጊት ይህን ግን መለሰች።

«እንደ ጋሪ ፈረስ ነው፣ እትዬ። እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ። ደስ ብሎት ነው የሚሄደው።»

እህትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን መልስ የሰማች ትመስላለች። ፖሊሷ ክንዷን ያዝ ስታደርጋት ዞር አለችና አንድ ነገር ብቻ ጨመረች።

«ወንድሜ ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።»